ክሩ ላይ ስም ጻፉ

በካዛንቺስ ለጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

 

ልጆቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ብዙዎቻችሁ በትምህርት ላይ ካልሆነ በቀር ስሙን አልሰማችሁም፤ ከኋላ ከተቀመጡት ወላጆቻችሁ መካከል ግን አዘውትረው ያደመጡት እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ብስራተ ወንጌል ይባላል።

ጣቢያው የተመረቀው የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው፤ መርቀው የከፈቱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ባለቤቱ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ሲጉርድ አስኬ የሚባሉ ኖርዌያዊ ነበሩ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 17 ቀን፣ ከዚህ በእግር በሚደረስበት በአፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። የድርጅቱን ምሥረታ ሁሉም ያስታውሰዋል። ፎቶው አለ፣ ፊልሙ አለ፣ የመሪዎቹ ንግግር ቃል በቃል ተመዝግቦ ተቀምጧል። በዚያው ዓመት ከዚህችው ከተማ ለአፍሪካና ለእስያ መናገር የጀመረውን ጣቢያ ግን ስንቶቻችን እናስታውሰዋለን?

ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከላይኛው አየር ነጥሮ፣ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይወርዳል። አዲስ አበባ የተናገረ ሰው ድምፁ ማዳጋስካር ወይም ደቡብ ህንድ ያለ ሰው ጆሮ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ጣቢያው በቆየባቸው 14 ዓመታት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊ፣ በሃውሳ፣ በፉልፉልዴ፣ በማላጋሲ፣ በሂንዲ፣ በታሚል፣ በፋርስኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ተናግሯል። ስሙ የወንጌል ይሁን እንጂ ከሥርጭቱ ለስብከት የሚውለው 30 በመቶ ገደማ ነበር። ቀሪው 70 በመቶ ዜና፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ግብርናና ሙዚቃ ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። የፉልፉልዴው ዝግጅት አዲስ አበባ አይቀዳም ነበር። ካሜሩን ውስጥ ንጋውንዴሬ በምትባል ከተማ ስቱዲዮ ነበር፤ የቋንቋው ባለቤቶች እዚያው ሰፈራቸው ሆነው ያዘጋጃሉ። የስዋሂሊው ታንዛኒያ ውስጥ ሞሺ፣ የሃውሳው ናይጄሪያ ውስጥ ጆስ፣ የማላጋሲው ማዳጋስካር ውስጥ አንጺራቤ ይቀዳል። ከዚያ ድምፁ የተቀዳበት የቴፕ ክር በካርቶን ታሽጎ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይመጣል፤ እዚህ ማሽን ላይ ይጫንና በአጭር ሞገድ ወደ መጣበት አገር ተመልሶ ይሄዳል። አንዲት እናት መንደሯ ውስጥ ሆና የጎረቤቷን ልጅ ድምፅ ለመስማት፣ ድምፁ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ነበረበት። የቴክኒሺያኖቹን ትዕግሥት አስቡት! የማይሰሙትን ቋንቋ በሰዓቱ ማስጀመር፣ በሰዓቱ መዝጋት፣ ክሩ በተሳሳተ ፍጥነት አለመዞሩን በጆሮ ብቻ መለየት።

እኔ ያደግሁት እዚሁ ካዛንቺስ ነው። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ትራንዚስተር ሬዲዮ ነበራቸው። ማታ ማታ ልጆች በራፋቸው ላይ እንሰበሰብ ነበር። አማርኛው ሲያልቅ ሬዲዮውን አይዘጉም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን የማናውቀውን ቋንቋ ያዳምጣሉ። «የሰው ልጅ ሲያወራ አቋርጦ መዝጋት ነውር ነው» ይሉን ነበር። የሬዲዮን ሙያ መጀመሪያ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይደለም።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው። ማሰራጫዎቹ «የአብዮታዊ ኢትዮጵያ ድምፅ» ሆኑ። የንጋውንዴሬው ስቱዲዮ ከዚያም በኋላ ሥራውን ቀጥሏል፤ የአዲስ አበባው በር ግን ተዘጋበት።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። በ1980ዎቹ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የድሮ ክር የሚከማችበት ጠባብ መጋዘን ነበረው፤ በሩን ስትከፍቱት የኮምጣጤ ሽታ ይቀበላችኋል። አንዳንድ የድሮ ክር ሲያረጅ እንደዚያ ይሸታል። አንድ ቀን ከቴክኒሺያኑ ጋር ባዶ ክር ፍለጋ ገባን። በዚያ ዘመን ክር ውድ ስለሆነ የድሮውን ደምስሶ በላዩ መቅዳት በየጣቢያው የተለመደ ነበር። ከካርቶኖቹ አንዱ ላይ በእርሳስ «ፕሮግራም» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም፤ የማን እንደሆነ፣ መቼና በምን ቋንቋ እንደተቀዳ የሚናገር አንድ ፊደል የለበትም።

ቴክኒሺያኑ ጥንቁቅ ሰው ስለነበር ሳያዳምጥ አይደመስስም። ማሽኑ ላይ ጫነው። የክሩ መጀመሪያ ላይ ነጭ ክር ተቀጥሎበታል፤ ቅጥያው በምላጭ ሰያፍ ተቆርጦ፣ ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ፣ ከጀርባው በስስ ፕላስተር የተያዘ ነው። ጣት ቢሄድበት እንኳ መጋጠሚያው አይታወቅም። የባለሙያ እጅ እንደነካው ወዲያው አወቅን። ከዚያ አንዲት ሴት መናገር ጀመረች።

ቋንቋዋን አንዳችንም አናውቀውም። ግን የምታነበው ወረቀት ቢሆንም የምታነብ አትመስልም፤ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው የምታናግር ነው የምትመስለው። ቆም ትላለች፣ ትስቃለች፣ ወረቀት ትገልጣለች። ቴክኒሺያኑ አንድ ጊዜ አየኝና መደምሰሱን ተወው። በካሴት ገልብጦ ሰጠኝ።

በዚያን ጊዜ ጎረቤታችን ግቢ ውስጥ የተከራየ፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሠራተኛ የሆነ ካሜሩናዊ ነበር። ካሴቱን ይዤለት ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ጥቂት እንደሰማ ስኒውን አስቀመጠና «አቁሚው» አለኝ። «ይሄ ፉልፉልዴ ነው። የእናቴ ቋንቋ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው።» ከዚያ እየተረጎመልኝ ሰማን። ሴትየዋ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ምን መጠጣት እንዳለበት ለእናቶች ታስረዳለች። ውኃው እንዴት እንደሚፈላ፣ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ፣ አያቶች «ውኃ ያብስበታል» ቢሉ እንዴት በአክብሮት መልስ እንደሚሰጣቸው ትናገራለች። ቀጥላ ከአድማጮች የመጡ ደብዳቤዎችን በየመንደሩ ስም እየጠራች ታነባለች። ጎረቤቴ ከመንደሮቹ አንዱን ያውቀዋል። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ከዚያ ጠየቀኝ፤ «ስሟ ማን ነው?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ምንም ነገር አልነበረም። የብስራተ ወንጌል ክር እንደሚሆን ገመትን፤ ሌላ ከየት ይመጣል? ለዕረፍት አገሩ ሲሄድ ካሴቱን ይዞት ሄደ፣ ሽማግሌዎችን ጠየቀ። ድምፁን አውቀዋለሁ ያለ አልጠፋም፤ አንዱ እገሊት ናት ሲል ሌላው የለም እገሊት ናት ይላል። ዓመቱ ቢታወቅ ማን እንደነበረች መለየት ይቻል ነበር። ዓመቱን የጻፈ የለም። ዋናው ክርስ? እኔ ለዘገባ ክፍለ ሀገር በሄድኩበት ሰሞን መጋዘኑ ለወንበርና ጠረጴዛ ማስቀመጫ ስለተፈለገ ካርቶኖቹ ተጭነው ወጡ፤ ወዴት እንደሄዱ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለምንድን ነው? ያቺ ሴት ምናልባት የብዙ ሕፃናትን ሕይወት አትርፋለች። ሥራዋን በሚገባ ሠርታለች፤ ክሩን የቀጠለውም ባለሙያ እንዲሁ። የጎደለው በእስክሪብቶ የሚጻፍ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ስም፣ ቦታ፣ ቀን። በዚያች መስመር መጉደል አንዲት ትልቅ ጋዜጠኛ ማን እንደነበረች ሳይታወቅ ቀርታለች። ይህ ያናድደኛል፤ ዛሬም ያናድደኛል።

እናንተስ? ትናንት ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ስጨዋወት ስልካችሁን እንድታሳዩኝ ጠይቄ ነበር። የመመረቂያ ሥራችሁ ቃለ ምልልስ «አዲስ ቀረጻ 47» እየተባለ ተቀምጧል። ማን ነው 47? የት ነው የተናገረው? አሁን ታስታውሱት ይሆናል፤ ከአምስት ዓመት በኋላስ? ስልኩ ሲሰረቅስ? ይህ ልጅነት ነው፣ ይቅር ልላችሁ አልችልም። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውንም ድምፅ ስትቀዱ መጀመሪያ የራሳችሁን ድምፅ አስገቡ፤ «ዛሬ ቀኑ ይህ ነው፣ ያለሁት እዚህ ቦታ ነው፣ የማነጋግረው እከሌን ነው» በሉ። የፋይሉ ስም ቢጠፋ እንኳ ድምፁ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ሁለት ቦታ አስቀምጡት።

የኤፍ ኤሙን ነገርም በአጭሩ ላንሳው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ሲመጣ፣ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት እንዴት ደስ እንዳለን አትጠይቁኝ። በሸገር የመዓዛ ብሩን «የጨዋታ እንግዳ» አዳምጡ፤ ሰው ሲናገር ዝም ማለት የምትችል ጋዜጠኛ ምን እንደምታገኝ ትማራላችሁ። ዛሬ ግን በየጣቢያው ሁለት አዘጋጆች እርስ በርስ ሲሳሳቁ ሰዓቱ ያልቃል፤ አድማጩ በር ላይ እንደቆመ ይቀራል። እባካችሁ እንደዚህ አትሁኑ። ያቺ ክሩ ላይ ያለች ሴት የምትናገረው ለአንድ ሰው ነበር።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ካዛንቺስ በ2017 እንዴት እንደተለወጠ አይታችኋል። የልማቱን ጉዳይ ለመከራከር አልመጣሁም፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ ሕንጻው እየወጣ ነው። ግን ብዙ ሰው ለልማቱ ተነስቶ ገላን ጉራና ሌላም ሰፈር ሄዷል። የግቢው ቡና፣ የዕድሩ ጡሩንባ፣ ማታ ማታ ደጅ ላይ የሚነሳው ክርክር አብሮ ተበትኗል። የተነሱት ሰዎች ግን አሉ። እናቶቹ በሕይወት አሉ፤ ማን የትኛው ቤት ይኖር እንደነበር፣ የጣሊያን ጊዜ ቤቶቹን ማን እንደወረሳቸው፣ በ1966ቱ አብዮት ረብሻ ሰሞን ልጆቻቸውን የት እንደደበቁ ያስታውሳሉ። የሚቀዳቸው ሰው ብቻ ነው የሚፈለገው፤ እናንተ ደግሞ ዛሬ ለመቅዳት የሚያስችላችሁን ወረቀት ትወስዳላችሁ። ለዚህ በጀትም ስቱዲዮም አያስፈልግም፤ በየኪሳችሁ ያለው ስልክ እኔ በወጣትነቴ ትከሻዬ እስኪዝል የተሸከምኩትን የናግራ መቅረጫ ሥራ ይሠራል።

ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ጋር ተነጋግሬ አንድ መደርደሪያና አንድ ኮምፒውተር እንዲለዩ ተስማምተናል። እያንዳንዳችሁ አንድ የካዛንቺስ ሰው ቀድታችሁ ታመጣላችሁ፤ ስም፣ ቦታ፣ ቀን ያልተጻፈበትን አልቀበልም። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ራሴ ይዤላችኋለሁ። አንዲት እናት ናቸው፣ እዚህ ጉሊት ሲሸጡ የኖሩ፣ አሁን ገላን ጉራ ልጃቸው ጋ ያሉ። «እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኑ፤ ካሜራ ግን አታምጡብኝ፣ ድምፄን ብቻ ውሰዱ» ብለዋል። ከእኔ ጋር የሚሄዱ ሁለት ልጆች እፈልጋለሁ። እስቲ እጃችሁን አውጡ።

እንኳን ደስ አላችሁ።