የሚኒባሳችን ዘይት የት ሄደ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የወጪ ሪፖርቱን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ጥያቄዎች ተነሥተው ነበር። አንደኛው፣ «ለአንዲት የጎማ ቀለበት ይህን ያህል ብር እንዴት ይወጣል?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ከዚያ በፊትስ በየሳምንቱ የተገዛው ዘይት የት ሄደ?» የሚል ነው። ሰዓቱ ስለ መሸ መልሱ ለዛሬ ተቀጥሯል።

ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሚኒባሷ የሁላችን ናት። እሷ የምታስገባው ገንዘብ የብድር ካዝናችንን ይሞላል፣ ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ይሆናል፣ ሐዘን የደረሰባትን እህት ያቆማል። በተጨማሪ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ከዘይቱ ይልቅ ሾፌራችንን የሚመለከት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በቡና ላይ ሲባል የነበረውን እዚህ አልደግመውም። ደረሰኞቹ የሚሉትን ብቻ እነግራችኋለሁ።

ከደረሰኞቹ እንጀምር። ድሮ በሁለት የዘይት ቅየራ መካከል ምንም ጭማሪ አልነበረም። ከዚያ በወር 1 ሊትር መጨመር ተጀመረ። ቀጥሎ በወር 2 ሊትር ሆነ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ በየሳምንቱ 1 ሊትር። ወጪ እንዲህ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ሰው እየደፈረ ሄዷል፣ ወይ አንድ ቀዳዳ እየሰፋ ሄዷል። የትኛው እንደሆነ በወሬ አይለይም፤ በመለካት ግን ይለያል።

የሞተር ዘይት ማንም ሳይወስደው በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንደኛው ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ሲቃጠል ነው፤ ያን ጊዜ የጭስ ማውጫው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭስ ያወጣል። ሁለተኛው ወደ ውጭ ሲያፈስ ነው። የእኛዋ ዶልፊን ሰማያዊ ጭስ አልነበራትም። ሌሊት ቆማ ባደረችበት ቦታ ግን፣ ከፊት በኩል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ይታይ ነበር።

መካኒኩ ሞተሩን አስነሥቶ ከሥር ንጹሕ ቆርቆሮ አስቀመጠ። እኔ ሰዓት ያዝኩ። በአማካይ በየ10 ሰከንዱ አንድ ጠብታ ይወርድ ነበር። ሰው «አንድ ጠብታ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። እስቲ አብረን እንደምር። ሚኒባሷ በቀን 8 ሰዓት ሞተሯ ይሠራል። 8 ሰዓት 28,800 ሰከንድ ነው። በየ10 ሰከንዱ አንድ ከሆነ በቀን 2,880 ጠብታ ይሆናል። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሞላል። ስለዚህ በቀን 144 ሚሊ ሊትር ፈሰሰ ማለት ነው። በ7 ቀን ሲባዛ 1,008 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1 ሊትር። ጠብታ ሁሉ እኩል ስላልሆነ ሂሳቡ ግምት ነው። ነገር ግን ቆርቆሮውና ደረሰኙ የተናገሩት አንድ ነው። ልጃችን በሳምንት 1 ሊትር ጨመርኩ ያለው እውነት ነው፤ ዘይቱም የሄደው መንገድ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቀለበቷ እንምጣ። ሞተሩ ውስጥ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ወፍራም የብረት ዘንግ አለ፤ ክራንክሻፍት ይባላል። ይህ ዘንግ በሞተሩ ፊት በኩል ወደ ውጭ ብቅ ይልና ጫፉ ላይ ፑሌጃ ይታሰርበታል። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የሚጠመጠመው በእሱ ላይ ነው። ዘንጉ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ ዘይት እንዳያልፍ የምታግድ የጎማ ቀለበት ትገጠማለች። ጋራዦች ፓራኦሊ ይሏታል። ከንፈሯ ዘንጉን አቅፎ ይይዛል፣ ከከንፈሩ ጀርባም ቀጭን ሽቦ ጥምጥም አለ። ከብዙ ዓመት ሙቀትና መሽከርከር በኋላ ጎማው ይደርቃል፣ ሽቦው ይላላል፣ ዘይትም ማለፍ ይጀምራል።

ግን ከሞተር ፊት ዘይት የሚንጠባጠበው በእሷ ምክንያት ብቻ አይደለም። ከላይ ካለው ከቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን ሊመጣ ይችላል። ከካምሻፍቱ ፓራኦሊ ሊመጣ ይችላል። ከዘይት ፖምፓው መጋጠሚያም ሊመጣ ይችላል። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይበትነዋል። ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚያፈስበት ቦታ አንድ አይደሉም። መፈለግ ያለብን ከሁሉ በላይና ከሁሉ ወደ ፊት የረጠበውን ቦታ ነው።

መካኒኩ ይህን ያገኘው ቀላል በሆነ መንገድ ነው። መጀመሪያ የሞተሩን ፊት አጥቦ አደረቀ። ከዚያ የሕፃናት ፓውደር ነሰነሰበትና ሚኒባሷ ጥቂት እንድትሄድ አደረገ። ተመልሶ በባትሪ መብራት ሲያይ ከላይ ያለው ነጭ እንደሆነ ነው። የረጠበው ከፑሌጃው ጀርባ ነበር። መኪና ያላችሁ እህቶች ይህን በቤታችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ይሁን እንጂ፤ ነጠላና ሻርፕም ከሚዞር ቺንጋ አጠገብ አይቅረብ።

ከዚህ በፊት አንድ ጋራዥ «ሞተሩ አርጅቷል፣ ወርዶ በሙሉ ይታደስ» ብሎን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያን ብንቀበል የዓመት ቁጠባችን አይበቃም ነበር፤ «ትሸጥ» የሚል ሐሳብም የመጣው ያን ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ያ ጋራዥ ምንም አልለካም። ሞተር በእርግጥ ሲያረጅ ከፒስተኖቹ ጎን የሚያልፈው ጋዝ ይበዛና ውስጡን ይነፋዋል፤ ግፊቱም ዘይቱን በፓራኦሊ በኩል ይገፋዋል። እንዲህ ከሆነ አዲስ ቀለበት ብትገጠምም ሳትቆይ ታፈሳለች። ስለዚህ ቀለበቷን ከመግዛት በፊት ይህን ማረጋገጥ ያስፈልግ ነበር።

መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈተ። በናፍጣ ሞተር ላይ ትንሽ ትንፋሽ ያለ ነገር ነው። የእኛው ግን ጠንከር ብሎ ይገፋ ነበር። ቀጥሎ የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ ፈትቶ ሲያይ በወፍራም ጥቁር ዝቃጭ ተደፍኗል። ካጸዳው በኋላ ትንፋሹ ተረጋጋ። የሲሊንደሮቹም ኮምፕሬሽን ተለካ፤ ደህና ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሞተሩ አላረጀም፤ ታፍኖ ነበር። የመተንፈሻው ቱቦ መታፈኑና የቀለበቷ መድረቅ ተደጋግፈው ዘይቱን አወጡት። ይህ ግማሽ ቀን የፈጀ ምርመራ ሚኒባሷን ከመሸጥ አድኖናል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቀለበቷ ርካሽ ናት፤ ውድ የሚሆነው እሷ ያለችበት መድረስ ነው። ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ራዲያተሩ ይነሣል፣ ቺንጋዎቹ ይወጣሉ፣ በጣም ጠብቆ የታሰረው የፑሌጃ ቡሎን ይፈታል፣ ፑሌጃው በመጎተቻ ይወጣል፣ ሽፋኑ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ የታይሚንግ ቺንጋው ይገኛል። ይህ ቺንጋ የቫልቮቹንና የናፍጣ ፖምፓውን ሥራ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ነው። ሽፋኑ ሲከፈት ቺንጋችን በዘይት ርሶ ነበር። ዘይት የጠጣ ቺንጋ ጎማው ይለሰልሳል፣ ጥርሱ ይነሣል። በእንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ ቺንጋው በሥራ ላይ ሳለ ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ያን ጊዜ እውነትም ሞተር ይወርዳል፤ ተሳፋሪ ጭኖ መንገድ መሃል መቆምም አለ።

ስለዚህ ቺንጋውን፣ መወጠሪያውንና የካምሻፍቱን ፓራኦሊ አብረን ቀየርን። ጠቅላላ ወጪውን በ100 ብር ብንመነዝረው ለሁለቱ ፓራኦሊዎች 5 ብር፣ ለቺንጋውና ለመወጠሪያው 38 ብር፣ ለዘይትና ለፊልትሮ 22 ብር፣ ለእጅ ዋጋ 35 ብር ሄዷል። ቀለበቷን ብቻ ቀይረን ብንዘጋው 38ቱን ብር ዛሬ አናወጣውም ነበር። ነገር ግን ቺንጋው ሲያልቅ 38ቱንም፣ 35ቱን የእጅ ዋጋም እንደገና እናወጣ ነበር፤ ያውም ሳይበጠስ ከደረስንበት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? አንዴ ከተከፈተ ከሽፋኑ ጀርባ ያለውን ርካሽና አላቂ ነገር ሁሉ ቀይሮ መዝጋት ነው ቁጠባው።

ዕቃውን የገዛነው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ፓራኦሊና ቺንጋ ያገለገለ አይገዛም። አሮጌዋን ቀለበት ይዘን ሄድን፤ ፊቷ ላይ የውስጥ ስፋቷ፣ የውጭ ስፋቷና ውፍረቷ በሚሊ ሜትር ተጽፎ ስለሚገኝ ከአዲሷ ጋር ቁጥር በቁጥር አመሳከርን። የወጡት አሮጌ ዕቃዎች በሙሉ ቢሮ ውስጥ በካርቶን ተቀምጠዋል። ማየት የምትፈልግ ትምጣ።

ሲገጠምም ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ጋራዥ ስትሄዱ ምን እንደምታዩ ታውቃላችሁ። መካኒኩ የባትሪውን ገመድ አስቀድሞ ነቀለ። ቺንጋው ከመውጣቱ በፊት የታይሚንግ ምልክቶቹን አገጣጠመ። አሮጌዋን ቀለበት ሲያወጣ የካቻቪቴውን ጫፍ በቴፕ ጠቀለለው፤ ዘንጉን ቢጭረው አዲሷም በዚያው ጭረት ታፈሳለችና። የአዲሷን ከንፈር ዘይት ቀባ፣ ሽቦ ያለበትን ፊቷን ወደ ሞተሩ ውስጥ አዞረ፣ ልኳ በሆነ ቱቦ ዙሪያዋን እኩል እየገፋ አስገባት። በአንድ ጎን በመዶሻ የተመታች ቀለበት ትጣመማለች። ቺንጋው ከገባ በኋላ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቶቹ መግጠማቸውን አየ። የፑሌጃውንም ቡሎን በመለኪያ ቁልፍ አጠበቀ። «ከውጭ ሲሊኮን ለጥፌ ላቁመው» የሚል ካጋጠማችሁ ግን አመስግናችሁ ሂዱ። ዘይት በነካው ብረት ላይ ሲሊኮን አይይዝም።

ሥራው ካለቀ ሁለት ወር ሆኖታል። በማግስቱ፣ በሳምንቱና በወሩ ከሥር አይተናል፤ ደረቅ ነው። በእነዚህ ሁለት ወራት ለጭማሪ ዘይት የወጣ ብር የለም።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮች ለውሳኔ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሚኒባሷ ውስጥ የዘይት መዝገብ ይኑር። በየሰኞው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣና መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሾፌሩ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ ልኩን ይጻፍ፤ ከመካከላችን ተረኛዋ ትፈርም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቀይ የዘይት መብራት መጠበቅ አያዋጣም። እሱ የሚበራው ግፊቱ ሲጠፋ ነው፤ ከበራ ወዲያው ሞተር ማጥፋት እንጂ «ቤት ልድረስ» አይባልም። ከላይኛው ምልክት አልፎ መሙላትም ጉዳት አለው።

ሁለተኛ፣ በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች የታይሚንግ ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። አዲሱ የገባበትን ኪሎ ሜትር መዝግቤዋለሁ። ከየወሩ ገቢ ጥቂት ጥቂት ለዚያ ቀን እናስቀምጥ፤ ጊዜው ሲደርስ የብድር ካዝናችንን እንዳንነካ።

ሦስተኛው ከገንዘብ ይበልጣል። ሾፌራችን ያስመዘገበው የዘይት ሂሳብ ተመርምሮ ትክክል ሆኖ እንደተገኘ በዛሬው ቃለ ጉባኤ ይጻፍልኝ። ስሙ ሲነሣ የነበረው በቡና ላይ ነው፤ መልሱ ግን በማኅበሩ መዝገብ፣ በማኅተም መሆን አለበት። እሱም እንደ እኛው ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። ወደፊትም የአንዳችን ሂሳብ ሲያጠራጥረን ከስሟ በፊት ደረሰኟን እንጠይቅ።

ጥያቄ ካለ ደረሰኞቹን ይዣለሁ።