ሰዓታችንን እንቁጠር
(በማህበራችን የአባላት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ከቁጠባና ከብድር ወጣ ብለን ስለ ድካም እንነጋገር። አንድ ሌሊት ጥሩ ተኝተን ስንነሳ ስለሚለቀን ሳይሆን፣ ዓመት ከዓመት አብሮን ስለሚኖረው ድካም።

ላፍቶ የሚኖር ሰው የእኛን ቀን ያውቀዋል። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ፣ ጃንሜዳ ጥቂት ቆይቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከመጣ ወዲህ፣ ጉልት የምንቸረችር ሴቶች ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን የምናወጣው ከዚያ ነው። በጊዜ ያልደረሰች ጥሩው ዕቃ ያልፋታል። ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው። ሌሊት ቧንቧው ሲያፏጭ ሰምታ የምትነሳው፣ ጀሪካኑ እስኪሞላ በእንቅልፍ ልቧ ቆማ የምትጠብቀው የቤቱ እናት ናት። ባል አይሰማውም፤ እንዴት እንደማይሰማው እኛም ይገርመናል።

እስቲ አብረን እናስላ። ጠዋት 1 ሰዓት ጉልቷ ላይ ተቀምጣ ምሽት 1 ሰዓት የምትነሳ ሴት፣ በሳምንት 6 ቀን ብትሠራ 72 ሰዓት ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ የሚመለከተው ግን ቀጣሪ ያላትን ነው። ጉልቷ ላይ ያለችውን ማን ይቆጥርላታል?

በ2013 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በጋራ ያወጡት ጥናት አለ። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው በ17 በመቶ ከፍ ይላል። እዚህ ላይ የተቆጠረው ገንዘብ የሚያስገኘው ሥራ ነው። እንጀራ መጋገሩ፣ ልብስ ማጠቡ፣ የታመሙ አማትን ማስታመሙ ገና አልተደመረም።

ደግሞም የማህበራዊ ኑሯችን አለ። ከመካከላችን አንዷ ያለባትን ስትቆጥር ሰምተናል፦ የሰፈር ዕድር፣ የቤተሰብ ዕድር፣ ዕቁብ፣ የወር ማህበር፣ የትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ፣ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ፣ በመጨረሻም የእኛ የቁጠባ ቡድን። ሰባት ነው። በዚህ መሐል ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን ውስጥ ወንዶቹ ይቀመጣሉ፣ እኛ ጓዳ እንገባለን። ዕድር ይቅር የሚል ሰው ከመካከላችን የለም፤ ክፉ ቀን ያሻገረን እሱ ነው። ነገር ግን የሰባቱም ሸክም የሚያርፈው በአንድ ወገብ ላይ ነው።

ሰውነታችን ይህን እንዴት ይቀበለዋል? ጭንቀት ሲመጣ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል የሚባሉ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ስኳር ወደ ደም ይለቀቃል። መኪና ሊገጨን ሲል ዘለን እንድናመልጥ የሚያደርገን ይኸው ነው። አደጋው ሲያልፍ ሰውነት ይረጋጋል። የኛ ችግር የማያልፍ መሆኑ ነው፤ ከቤት ኪራይ ወደ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከዚያ ወደ ዘይት ዋጋ እንሸጋገራለን። እንዲህ ሲቆይ እንቅልፍ ይዛባል፣ ራስ ምታት ይመላለሳል፣ የወር አበባ ሊዛባ ይችላል፣ በሽታ የመከላከል አቅም ይዳከማል፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመምም መንገድ ያገኛሉ።

ሁሉንም በጭንቀት ማሳበብ ግን ሌላ አደጋ አለው። «ጨጓራዬ ከብስጭት ነው» እያልን ስንቶቻችን ዓመት አሳልፈናል? ለጨጓራ ቁስለት ዋነኞቹ መንስኤዎች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያና የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች ናቸው። ባክቴሪያው በምርመራ ይታወቃል፣ በመድኃኒት ይድናል። ክኒኑን በተመለከተ፣ ወገባችንን ባመመን ቁጥር ዲክሎፌናክ ገዝተን በባዶ ሆድ የምንውጥ አለን። ዲክሎፌናክ ጨጓራን ከማቁሰሉ ሌላ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ድካምን በእሱ እያስታገሱ መሥራት ብድርን በብድር እንደ መክፈል ነው፤ ይህን ደግሞ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን።

የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። መድኃኒት ከታዘዘ ደግሞ «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥ አይገባም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሁሉ ነገር ያስጠላት፣ እንቅልፍ የራቃት፣ አልቅሺ አልቅሺ የሚላት እህትም እንደዚሁ ትታይ። ድብርት ሕመም ነው፤ ስንፍናም እብደትም አይደለም። «አማኑኤል ሄደች» የሚለውን ሹክሹክታ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንተወው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ አለን። አንደኛ፣ ሳምንታዊ ስብሰባችን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ። «ደክሞኛል» ብላ የቀረች አባል ቁጠባዋን በቴሌብር እስከላከች ድረስ አትቀጣ። ዲሲፕሊን ይላላል የሚሉ እናቶች አሉ፤ ስጋታቸው ይገባናል፣ ማህበሩን እዚህ ያደረሰው የእነሱ ጥብቅነት ነውና። ይሁን እንጂ ቅጣቱ የተሠራው ለዘነጋች ሴት ነው፤ ለታመመች ሐዘንተኛና ለአራስ እንደምናነሳው ሁሉ ለደከመችም እናንሳ። ድካምን ለማመን ሕመም እስኪሆን መጠበቅ የለብንም።

ሁለተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው። ስለ ስልጠናዎቹ እናመሰግናለን፤ ሒሳብ መያዝ የተማርነው በእናንተ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ስታወጡ ግን የሴቲቱንም ሰዓት ከወጪው ጋር ቁጠሩልን። ሦስት ቀን ስልጠና የተቀመጠች ቸርቻሪ ሦስት ቀን ገበያ አልወጣችም። በአንድ ግቢ ለሚኖሩ አባላት አንድ ሮቶ ቢተከል ውሃው ሲመጣ ራሱ ይሞላል፣ እናቶች ሌሊቱን ይተኛሉ። የሕጻናት ማቆያም እንዲሁ ነው። በሪፖርት ላይ «የተኙ ሴቶች ብዛት» የሚል ሠንጠረዥ እንደሌለ እናውቃለን፤ ካስፈለገ እኛ እንሞላላችኋለን።

በሐሳቦቹ ላይ ውይይቱ ከእረፍት በኋላ ይቀጥላል፣ ድምፅም ይሰጥበታል። የደም ግፊት መለኪያው በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቡናው እየተፈላ ስለሆነ ሳትጠጡ ቀድማችሁ ተለኩ፤ ቡና ግፊቱን ለጊዜው ከፍ ስለሚያደርገው ቁጥሩን ያሳስታል። አምስት ደቂቃ ወንበር ላይ አረፍ ብላችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ፣ ሳታወሩ።