የባሕር ምሰሶ ወለል ሲሆን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው ስለ አሮጌ እንጨት ነው። ነገሩ ለበዓል ቀን የማይመጥን ቢመስልም ትምህርት ስላለበት ጥቂት ጊዜ እንድትሰጡን በትሕትና እንለምናለን።

በኢጣልያ አገር የምትገኘው የቬኒስ ከተማ በባሕር ዳር፣ በደሴቶች ላይ የተሠራች ናት። በዙሪያዋ ያለው ውሃ በብዙ ስፍራ ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ጀልባዎች በደለል ላይ እንዳይቀመጡ ጥልቁ መንገድ በምሰሶ ምልክት ይደረግበታል። ምሰሶዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ኦክ ከተባለው ጠንካራ ዛፍ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው በአንድነት ይታሰራሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን ምሰሶዎቹ ሁለት ጠላቶች አሉባቸው። አንደኛው፣ ባሕሩ በሞላና በጎደለ ቁጥር እንጨቱ እየረጠበና እየደረቀ መበስበሱ ነው። ሁለተኛው ቴሬዶ የሚባል ፍጥረት ነው። የመርከብ ትል ይሉታል እንጂ ዘሩ ባለ ሁለት ቅርፊት ከሆኑት የዛጎል እንስሳት ወገን ነው፤ በራሱ ላይ ባሉት ትንንሽ ቅርፊቶች እንጨቱን እየፋቀ ይገባል። በ1730ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) የሆላንድን የባሕር መከላከያ እንጨት በልቶ ሕዝቡን አስጨንቆ ነበር።

የተዳከመ ምሰሶ ተሰብሮ ቢንሳፈፍ ለጀልባ አደጋ ስለ ሆነ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል። የተነቀለው ግን ሁሉም ለማገዶ አይሆንም። አናጢዎች ጭቃውንና ጨውን አጥበው፣ መጋዝ እንዳይሰብር ምስማሩን ለቅመው፣ በሳንቃ ይሰነጥቁታል። ከዚያም በትዕግሥት ያደርቁታል፤ የቸኮሉ እንደ ሆነ ይጣመማል። ብረት የነካው ቦታ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ይኸውም በኦክ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ስለሚዋሐድ ነው። የትሉ ቀዳዳም አንዳንድ ጊዜ ይደፈናል፣ አንዳንድ ጊዜ ለጌጥ ይተዋል። በመጨረሻ ሳንቃው በጠንካራ መደብ ላይ ተለጥፎ፣ ዘይት ተቀብቶ የቤት ወለል ይሆናል። ማዕበል መቋቋም የተሳነው እንጨት የሰው እግር ለመሸከም አላነሰም።

ክቡራን ሆይ፤ በእጅ ሥራ ክፍላችን ጓሮ የተሰበሩ ዴስኮችና አሮጌ በሮች ተከምረዋል፤ ለማገዶም ሊሸጡ ነው። ከመሸጣቸው አስቀድሞ ተማሪዎች በመምህራን መሪነት አንድ በአንድ እንድንመረምራቸው ይፈቀድልን። የበሰበሰው ለማገዶ ይሂድ፤ ደኅናው ግን ለቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ይሁን።