ከግብፃዊቷ ጋር ፉል

"ውጭ አገር መማር እንዴት ነው?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል፤ እስቲ እንጨዋወት።

ሶሲዮሎጂ የተማርኩት ካይሮ በሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተ የግል ዩኒቨርሲቲ ሲሆን በ2008 ከታህሪር አደባባይ ወደ አዲሱ ካይሮ ተዛውሯል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የግቢው ወሬ ግን በአረብኛ! ከየአገሩ የመጣ ተማሪ አለ፤ ቢሆንም ሁሉም ከየወገኑ ጋር ነው የሚቀመጠው። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት ከሐበሻ ልጆች ሳልለይ ነው የጨረስኩት። ይመቻላ!

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የአባይ ግድብ ጉዳይ ተነሳ። አንዲት ግብፃዊት ወደ እኔ ዞራ "ውኃውን ልትዘጉብን ነው አይደል?" አለችኝ። ደሜ ፈላ። "ከናይል ውኃ ከመቶ 85 ያህሉ የሚወርድላችሁ ከእኛ ተራሮች ነው፤ እኛ ግን በኩራዝ ነው የምናጠናው!" አልኳት። (እውነቱን ለመናገር እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ኩራዝ የማውቀው አያቴ ቤት ስሄድ ነው።)

ከክፍል ስንወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። ልትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። አያቷ ዴልታው ውስጥ ገበሬ መሆናቸውን፣ እዚያ ዝናብ ጠብቆ የሚያርስ እንደሌለ፣ ማሳቸው የሚጠጣው ከናይል በተጠለፈ ቦይ ብቻ መሆኑን ነገረችኝ። እኔም አያቴ ቤት ማታ ማታ በጭስ ስለሚቃጠለው የልጆች ዓይን ነገርኳት። ሁለታችንም ዝም አልን።

በግድቡ እስከምንመረቅ አልተስማማንም። ግን በየሳምንቱ አብረን ፉል እንበላ ነበር። ፉሉ የማን አገር ምግብ እንደሆነም ተከራክረናል፤ እሱም ገና አላለቀም።