«የአዝሃር ልጅ ነኝ» ስንል



የምረቃ ወቅት በመጣ ቁጥር በየቤታችን አንድ ዓይነት ጨዋታ ይደራል። «የእገሌ ልጅ ከየት ተመረቀ?» «ምን አጥንቶ?» እንባባላለን። ጥቁር ካባ የለበሰው ልጅ ፎቶግራፍ ሳሎን ይሰቀላል፤ እናት እንግዳ በመጣ ቁጥር ቀና ብላ ታሳያለች። በዚህ ደስታ ማንም ሊከፋ አይገባም። አላህ ልጁን ለዒልም ሲመርጥለት ያልተደሰተ ወላጅ በምን ሊደሰት ነው?

ይሁንና ስለዚህ ጉዳይ እንድንናገር ያስገደደን አንድ ነገር አለ። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ኒካሕ ላይ ተገኝተን ነበር። አንድ አዛውንት ሸኽ ስለ ትዳር ሐቅ ለሙሽሮቹ ምክር እየሰጡ ሳለ ከካይሮ ተመርቆ የመጣ ወጣት ንግግራቸውን አቋረጠና «ይህን የሚናገሩት በምን ሰርተፍኬት ነው? እኔ የአዝሃር ልጅ ነኝ» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሸኹ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ወረቀትስ የለኝም። ለመሆኑ አሊፍ ባን የቀራኸው ከማን ነው?» ብለው ብቻ ዝም አሉ። ወጣቱ መልስ አልነበረውም። በለውሑ ላይ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት የጻፉለት እኒሁ ሸኽ ነበሩና።

ይህ ወጣት ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። በተማረበት ቤት መኩራቱም አልነበረም ያስከፋን። ያሳዘነን፣ በስሙ የሚኮራበትን ቤት ታሪክ አለማወቁ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አዝሃር ጥቂት እንጨዋወታለን፤ ኢንሻአላህ በመጨረሻው ወደዚሁ ኒካሕ ቤት እንመለሳለን።

የአል-አዝሃር መስጊድ ግንባታ የተጀመረው በ970 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ያሠራው ካይሮን የቆረቆረው የፋጢሚዮች የጦር አዛዥ ጀውሀር አስ-ሲቂሊ ሲሆን፣ በ972 ሰላት ተሰገደበት፤ በ975 ትምህርት ተጀመረበት። ፋጢሚዮች የኢስማዒሊ ሺዓ ተከታዮች ስለነበሩ ቤቱ በመጀመሪያ ያስተምር የነበረው የእነርሱን መዝሀብ ነው። በ1171 ሰላሁዲን አል-አዩቢ አገዛዛቸውን ሲያከትም የአዝሃር የጁሙዓ ኹጥባ ተቋረጠ። ሡልጣን በይበርስ በ1266 እስኪመልሰው ድረስም ወደ መቶ ዓመት ገደማ ያ ታላቅ መስጊድ ጁሙዓ ሳይሰገድበት ኖረ። ግንቡ ያው ግንብ፣ ዓምዱም ያው ዓምድ ነበር። ስለዚህ የአዝሃር ክብር ከድንጋዩ የመጣ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት እንችላለን።

ክብሩ የመጣው ከዓምዶቹ ሥር ከተቀመጡት መምህራን ነው። መምህሩ ዓምዱን ተደግፎ ይቀመጣል፤ ደረሶቹ ሐለቃ ሠርተው ይከቡታል፤ ኪታቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበባል፤ ይብራራል። ኪታቡን በሚገባ ያጠናቀቀ ተማሪ ከመምህሩ እጅ ኢጃዛ ይቀበላል። በኢጃዛው ላይ የሚሰፍረው የኪታቡና የመምህሩ ስም፣ እርሱም የተማረባቸው መሻይኾች ስም ነው። ለዓሊምነት ማዕረግ በጉባኤ የሚሰጥ ፈተና የተደነገገው በ1872 ነው። ስለዚህ ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የአዝሃር ተማሪ «ከማን ቀራህ? ምን ቀራህ?» ይባል ነበር እንጂ «ወረቀትህ የታለ?» አይባልም ነበር። አስተውሉ፣ አዛውንቱ ሸኽ በኒካሑ ላይ የጠየቁት ጥያቄ የአዝሃር የጥንት ጥያቄ ነው!

እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ደግሞ በዚህ ቤት ታሪክ ውስጥ የራሳችን ድርሻ አለን። በአዝሃር ከየአገሩ የሚመጡ ደረሶች የሚያድሩባቸው፣ ሪዋቅ የሚባሉ ክፍሎች ነበሩ። የመግሪብ፣ የሻም፣ የቱርኮች፣ የላይኛው ግብፅ ሰዎች እያለ እያንዳንዱ በአገሩ ስም ይጠራል። ከእነዚህ አንዱ የጀበርት ሪዋቅ ነው። ጀበርት ዓረቦች የኢፋትንና የዘይላዕን አካባቢ ሙስሊሞች የሚጠሩበት ስም ነበር። ከደጋና ከቆላው ተነስቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዓባይ ዳር የደረሰው ደረሳ ቋንቋውን የሚሰማለት የአገሩን ሰው የሚያገኘው በዚያ ነበር።

ታዲያ ይህ ደረሳ ምን በልቶ ተማረ? ደግ ሰዎች መሬታቸውን፣ ሱቃቸውን፣ ቤታቸውን ወቅፍ ያደርጉ ነበር። ከዚያ በሚገኘው ገቢ ለየሪዋቁ ደረሶች ጂራያ የሚባል የዕለት ዳቦ ይታደላል። ዳቦው የድሎት አልነበረም። ገና ልጅ ሳለ ዓይኑ የጠፋው ጣሃ ሑሰይን በ1902 አዝሃር ገብቶ ስለተማረበት ዘመን ሲተርክ፣ «አል-አያም» በተባለው መጽሐፉ፣ ገለባና ጠጠር የማይጠፋበትን ያንን የአዝሃር ዳቦ አንስቷል። ቢሆንም ዳቦው ዳቦ ነው። የሰጠውን ሰው ደረሳው አያውቀውም፤ ብዙውን ጊዜ ሰጪው ከሞተ ዘመን አልፎታል። የአገራችን የወሎ ሐሪማዎችም እንዲሁ ነበሩ። የመንደሩ ሰው ከራሱ እህል ቀንሶ ከሩቅ የመጣውን ደረሳ ይቀልብ ነበር። እንግዲህ «የአዝሃር ልጅ ነኝ» ማለት፣ የማላውቃቸው ሰዎች ያበሉኝ ልጅ ነኝ ማለትም ጭምር ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ አሁን ከዚሁ ሪዋቅ የወጣ አንድ ቤተሰብ ታሪክ እናንሳ። ከዘይላዕ በኩል ተነስቶ በሒጃዝ አልፎ ካይሮ የገባ ዐብዱረሕማን የሚባል ደረሳ በጀበርት ሪዋቅ ኖረ፤ በኋላም የሪዋቁ ሸኽ ሆነ። ኃላፊነቱ በዘሩ ውስጥ ቀጠለ። ከዘሩ ሸኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ተወለዱ፤ ከሸኽ ሐሰን ደግሞ በ1753 ታዋቂው ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ተወለደ። ፈረንሳዮች በ1798 ግብፅን ሲወሩና ፈረሶቻቸውን አዝሃር ውስጥ ሲያስገቡ ያየውን የጻፈልን እርሱ ነው።

ይህ ታሪክ ጸሐፊ ስለ አባቱ የተወልን አንድ ታሪክ አለ። በ1748 ገደማ አሕመድ ፓሻ የሚባል፣ የሒሳብ ዕውቀት የሚወድ የዑስማኒዮች ሹም ግብፅን ሊያስተዳድር መጣ። የአዝሃር ታላላቅ ዑለማዎች ሊጠይቁት ሲገቡ ስለ ሒሳብና ስለ ፈለክ ዕውቀት አነሳባቸው። አያውቁም ነበር፤ ዝም አሉ። ፓሻው ቅሬታውን ለአዝሃሩ ሸኽ ለዐብዱሏህ አሽ-ሹብራዊ ገለጠ። በአገራችን ግብፅ የዕውቀት ምንጭ ናት ሲባል እየሰማሁ እዚህ ለመምጣት እጓጓ ነበር፤ መጥቼ ሳያት ግን ዝናዋ ከራሷ በልጦ አገኘሁት የሚል ነበር ነገሩ። ሸኽ ሹብራዊ ሊከላከሉ ሞከሩ። እነዚህ ዕውቀቶች መሣሪያና ልዩ ተሰጥኦ ይፈልጋሉ፤ የአዝሃር ሰዎች አብዛኞቹ ከየገጠሩ የተሰባሰቡ ድሆች ናቸው አሉ። በመጨረሻ ግን ሹሙን ወደ አንድ ሰው መሩት፤ ወደ ሸኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ።

ፓሻው ሸኽ ሐሰንን ሲያገኛቸው የሚፈልገውን አገኘ። አብሯቸው እየተቀመጠ ተማረ። በእርሳቸው መሪነትም የሰላትን ወቅት በጥላ የሚያሳዩ ሰዓቶች በእብነ በረድ ላይ ተቀረጹ፤ አንደኛው እዚያው አዝሃር ውስጥ ተተከለ። ሸኽ ሹብራዊ ከዚያ በኋላ ሸኽ ሐሰንን ባገኟቸው ቁጥር በዚህ ሹም ፊት ስለሸፈኑላቸው ዱዓ ያደርጉላቸው እንደነበር ልጃቸው ጽፎልናል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያኔ አዝሃር ስምንት ምዕተ ዓመት ሊሞላው የቀረው ጥቂት ነበር። ስሙ ኢስታንቡል ድረስ ይሰማ ነበር። በዚያች ዕለት ግን ስሙ ማንንም ከሐፍረት አላዳነም። የቤቱን ክብር ያዳነው ሌሎች ባልሄዱበት መንገድ ብቻውን የደከመ፣ ከጀበርት ሪዋቅ ሰዎች የተወለደ አንድ ዓሊም ነው። ዩኒቨርሲቲው ለሰውየው ክብር ሰጥቶት ይሆናል፤ በችግሩ ቀን ግን ሰውየው ነው ለዩኒቨርሲቲው የሰጠው። ልጁም ይህን ታሪክ የቤቱን ጉድለት ሳይደብቅ መጻፉን ልብ እንበል። የተማርንበትን ቤት መውደድ ጉድለቱን እንዳናይ ዓይናችንን ሊጨፍን አይገባም።

ሌላም አለ። በ1746 ገደማ ከፈረንጅ አገር የመጡ ተማሪዎች ሸኽ ሐሰን ዘንድ የሀንደሳ ትምህርት ተምረው እንደነበር ታሪክ ጸሐፊው ይነግረናል። አገራቸው ተመልሰውም የተማሩትን ነፋስ ለሚያዞረው ወፍጮ፣ ከባድ ዕቃ ለማንሳትና ውኃ ለመሳብ ተጠቀሙበት ይላል። ሸኽ ሐሰን ራሳቸውም ዕውቀታቸውን መደርደሪያ ላይ አላስቀመጡትም። የገበያው ሚዛን በተዛባ ጊዜ እንዲታረም ደክመዋል፤ ስለ ሚዛንም ኪታብ ጽፈዋል። ሚዛን ሲዛባ የሚጎዳው ማን ነው? በሳንቲም ዱቄት የሚገዛው ድሃ አይደለምን? ዒልም እንዲህ ገበያ ድረስ ሲወርድ ያን ጊዜ ያኮራል።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ዓይነት መኮራረፍ እናያለን። በ1930 ሕግ አዝሃር የኡሱሉ ዲን፣ የሸሪዓና የዓረብኛ ቋንቋ ኮሌጆች ተቋቋሙለት። በ1961 በወጣው ሕግ ቁጥር 103 ደግሞ ሕክምና፣ ምሕንድስና፣ ግብርና የመሳሰሉት ፋኩልቲዎች ተጨመሩ፤ ለሴቶችም ኮሌጅ ተከፈተ። ሐሳቡ ዲኑን የሚያውቅ ሐኪም፣ ዘመኑን የሚያውቅ ዓሊም ማግኘት ነበር። ከተማሪዎቻችን መካከል ግን የሕክምናው የሸሪዓውን «ሥራ የማያስገኝ» ሲለው፣ የሸሪዓው ደግሞ የሕክምናውን «ዱንያ ፈላጊ» ሲለው እንሰማለን። ፓሻው የጠየቀው ሒሳብ ነበር፤ የተቀረጸው ሰዓት ግን የሰላት ወቅት የሚታወቅበት ነው። በሸኽ ሐሰን ቤት ሁለቱ ዕውቀቶች አልተጣሉም፤ በእኛ ቤት ለምን ይጣላሉ?

በሱረቱል ቀሰስ የተተረከው የቃሩን ታሪክም ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ቃሩን የተሰጠውን ጸጋ ሁሉ በራሱ ዕውቀት እንዳገኘው ቆጠረ፤ ሰጪውንም ረሳ። መጨረሻው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዲግሪውን ሲያነሳ ራሱን ብቻ የሚያይ ተማሪ ያንን መንገድ እየጀመረ መሆኑን ይወቅ። ሰጪውን እያሰበ የሚደሰት ግን ደስታው ሹክር ይሆንለታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከማይጠቅም ዕውቀት በአላህ ይጠበቁ እንደነበርም አንርሳ።

ቃል በገባነው መሠረት ወደ ኒካሑ ቤት እንመለስ። ነገሩ በዝምታ አላበቃም። ምግብ ከቀረበ በኋላ ወጣቱ ተነስቶ ሸኹ ወደተቀመጡበት ሄደ። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ። የተነጋገሩትን አልሰማንም፤ ሸኹ ግን ፈገግ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለት፤ ከአንድ ትሪ በሉ። እኛ በዚያች ሰዓት ልጁ በእውነት የአዝሃር ልጅ መሰለን።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎቻችን፣ በተማራችሁበት ቤት ኩሩ፤ አዝሃርም ይሁን አዲስ አበባ፣ የትም ይሁን የት። ግን በኩራታችሁ ላይ ሦስት ጥያቄ ጨምሩበት። ከማን ቀራሁ? ማን አበላኝ? የተማርኩትስ የማንን ሚዛን አስተካከለ? ወላጆችም ብትሆኑ የልጃችሁን ፎቶግራፍ ለእንግዳ ስታሳዩ አሊፍ ባን ያስቀራውን ሸኽ ስም አብራችሁ አንሱ። በሕይወት ካሉ ልጁን ይዛችሁ ሂዱና ዱዓ አስደርጉለት፤ አልፈውም ከሆነ ዱዓ አድርጉላቸው።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን፤ ባወቅነው የምንሠራ ያድርገን። ያስተማሩንን፣ ያበሉንን፣ ወቅፍ ትተውልን የሄዱትንም ሁሉ በራሕመቱ ይሸፍናቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።