መብራት ሲጠፋ የሚናገረው እጀታ፦ ስለ ቤት ስልክ የተሰጠ ገለጻ



ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥሁት ዕቃ ብዙዎቻችሁ በወላጆቻችሁ ወይም በአያቶቻችሁ ቤት ያያችሁት ዓይነት መደበኛ ስልክ ነው። ሦስት መሣሪያዎች ተጣምረውበታል፤ በተጠማዘዘ ገመድ ከመቀመጫው ጋር የታሰረ እጀታ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ይዘውት የሚዘዋወሩት ገመድ አልባ እጀታ፣ እንዲሁም ሰው በሌለበት የደዋዩን ድምፅ የሚቀርጽ መልእክት መቀበያ። የመመሪያ መጽሐፉ ሦስቱንም እንደ ምቾት ይዘረዝራቸዋል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን መጽሐፉ በአንድ አጭር ማስጠንቀቂያ ያለፈውን ጉዳይ ነው፤ ሦስቱ የሚሠሩት በአንድ ምንጭ ኃይል አይደለም።

ከጀርባው ሁለት ገመዶች ይወጣሉ። አንዱ ወደ ኤሌክትሪክ ሶኬት፣ ሌላው ወደ ስልክ መስመር ይሄዳል። የኤሌክትሪኩን ልንቀለው። እንደምታዩት የመልእክት መቀበያው ቁጥር ጠፋ፤ ገመድ አልባው እጀታም በራሱ ባትሪ ቢበራም መቀመጫውን ፈልጎ አላገኘም። አሁን ባለ ገመዱን አነሣዋለሁ። የዚህ አዳራሽ መስመር የመዳብ በመሆኑ፣ ከፊት ለተቀመጣችሁት የመደወያው ድምፅ ሳይሰማችሁ አይቀርም።

ድምፁን የሚያሰማው ኃይል የመጣው ከስልክ ጣቢያው ነው። ጣቢያው በየመስመሩ 48 ቮልት ያህል ቀጥተኛ ጅረት ያቀርባል፤ ይህንንም በተርታ ከተደረደሩ ባትሪዎች ያገኛል፤ ከባትሪዎቹ በስተኋላም አብዛኛውን ጊዜ ጄኔሬተር ይቆማል። እጀታውን ስናነሣ አንድ የኤሌክትሪክ ዑደት እንዘጋለን፤ ጣቢያው የጅረቱን መፍሰስ ተገንዝቦ የመደወያውን ድምፅ ይልክልናል። ጥሪ ሲመጣ ደግሞ ወደ 90 ቮልት የሚጠጋ ተለዋዋጭ ጅረት በዚያው መስመር ይላካል። የተላጠ ሽቦ በእጁ ይዞ ሳለ የተደወለበት ቴክኒሽያን ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም።

ገመድ አልባው ግን ሬድዮ ነው። ዴክት በሚባለው ደረጃ መሠረት በአውሮፓ ከ1880 እስከ 1900፣ በአሜሪካ ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ከመቀመጫው ጋር ይነጋገራል። መቀመጫውም ኃይሉን የሚያገኘው ከቤቱ ኤሌክትሪክ ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች እጀታው መቀመጫው ላይ ሲቀመጥ የራሱን ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ያውሰዋል፤ ይህ ግን ልዩ ስሪት ነው።

መልእክት መቀበያው ረዘም ያለ ታሪክ አለው። ዴንማርካዊው ቫልዴማር ፖልሰን በ1898 እ.ኤ.አ. ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ በመግነጢስ የሚቀርጸውን ቴሌግራፎን ሲፈጥር፣ ካሰባቸው አገልግሎቶች አንዱ የስልክ መልእክትን መቅረጽ ነበር። ሆኖም መሣሪያው በየቤቱ ለመግባት ብዙ ዐሥርት ዓመታት ጠበቀ። ምክንያቱ የቴክኒክ ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ፣ ኩባንያው ያላቀረበው መሣሪያ ከመስመሩ ጋር እንዳይገናኝ ደንቡ ይከለክል ነበር፤ ስልኩ ራሱ እንኳ የኪራይ ዕቃ ነበር። በሩ የተከፈተው በ1968 እ.ኤ.አ. በተሰጠው የካርተርፎን ውሳኔ ሲሆን፣ መልእክት መቀበያውም በ1980ዎቹ የብዙኃን ዕቃ ሆነ። ለነገሬ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው የባለቤቱ ሲሆን፣ ለመሣሪያው ኃይል የማቅረብ ኃላፊነትም ሳይነገር ወደ ባለቤቱ ተሻገረ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ይህ ማሽን ለአማርኛ ሰላምታ አልተሠራም። ሰላምታችን ተቀባይ ይፈልጋል። በውጭ አገር ወዳሉ ልጆቻቸው የሚደውሉ እናት «እንደምን ከረማችሁ?» ብለው ዝም ይላሉ፤ «ልጆቹስ ደኅና ናቸው?» ብለው ደግመው ዝም ይላሉ። ዋናው ጉዳይ ሳይነሣ የተፈቀደው ጊዜ ያልቃል። ይሁንና ከዛሬው የድምፅ መልእክት ሣጥን የሚበልጥበት ነገርም አለ፤ ድምፃቸው በሳሎኑ ውስጥ ይሰማል፤ ቤት ያለ ሰው ሮጦ ሊያነሣው ይችላል። መብራት ከጠፋ ግን ማሽኑ አይመልስም፤ ደዋዩም ማንም እንደሌለ ይገምታል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልለፍ። የመዳብ መስመር በፋይበር እየተተካ ነው። ፋይበር ብርሃን ያስተላልፋል፤ የስልኩን እጀታ የሚያሠራ ኃይል ግን አያመጣም። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚተከለው መቀየሪያ ሣጥን ከሶኬት ኃይል ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋም ባለ ገመዱ እጀታ ከገመድ አልባው እኩል ዲዳ ይሆናል። በብሪታንያ የድሮው የስልክ አውታር በጥር 2027 እ.ኤ.አ. እንዲዘጋ ታቅዷል። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኦፍኮም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በመደበኛ ስልክ ብቻ ለሚተማመኑ ደንበኞች መብራት ሲቋረጥ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የአደጋ ጥሪ ማድረግ የሚያስችል መፍትሔ እንዲቀርብ ጠይቋል። አንድ ሰዓት በእኛ ከተማ የመብራት መቋረጥ ሲለካ ምን ያህል እንደሆነ እዚህ ላለ ሰው መንገር አይኖርብኝም።

«ሞባይል አለ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የሞባይል ማማም በባትሪ ነው የሚቆየው፤ ስልኩም ቻርጅ ይፈልጋል። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ አረጋዊት በጨለማ ሲወድቁ እጃቸው የሚያውቀው ያንን ከባድ እጀታ ነው። ፋይበር ይቅር አልልም፤ ጥቅሙን እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። የምለው፣ ቀድሞ በጣቢያው ምድር ቤት ማንም ሳያየው ይሠራ የነበረ ባትሪ ሲነሣ፣ ምትኩን ማን እንደሚገዛና ማን እንደሚጠብቅ በውሉ ላይ ይጻፍ ነው። ከእናንተ መካከል ነገ አውታር የሚነድፉ አሉና ጥያቄው የእናንተም ነው።

ገመዱን ወደ ሶኬቱ እመልሰዋለሁ። ገመድ አልባው መቀመጫውን እስኪያገኝ ጥቂት ሴኮንዶች ይወስድበታል፤ እስከዚያው ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።