ያቋረጥነውን ትምህርት እንቀጥል



እኛ ታክሲ ነጂዎች ብዙዎቻችን በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ያቋረጥን ነን። አርባን ካለፍን በኋላ በሰሜን ቨርጂንያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኢንጂነሪንግ ስንጀምር «ከእንግዲህ ምን ሊፈይድላችሁ?» ያሉን ነበሩ። የጎዳን ግን ዕድሜያችን ሳይሆን አካሄዳችን ነው። ቀላል ቀላሉን አስቀድመን ሒሳቡን ብናዘገየው አንድ ዓመት ባከነብን። ካልኩለስ 1 ሳይታለፍ ካልኩለስ 2 አይወሰድም፤ ፊዚክሱም ስታቲክሱም የሚጠብቁት ሒሳቡን ነው። ስለዚህ ከሒሳብ ጀምሩ፤ ሁለቱን ዓመት ጨርሳችሁ የምትዛወሩበት ዩኒቨርሲቲ የትኞቹን ኮርሶች እንደሚቀበልም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዛሬ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ደብተራችንን መሪው ላይ ዘርግተን እናሰላለን። ማታ ልጆቻችንን «አጥኑ» ስንላቸው አናፍርም። መጀመር የምትሹ ካላችሁ፣ ቅዳሜ በማኅበራችን አዳራሽ ሒሳብ አብረን እንሥራ።